የመንገደኛ ስልቻ በታሪካችን

የታሪክ መጻሕፍትን በምናነብበት ጊዜ ነገሥታቱ የዘመቱበትን ቀን፣ የሠራዊቱን ብዛት፣ የጋሻውንና የጠመንጃውን ዐይነት እናገኛለን። ያ ሁሉ ሕዝብ ወራት ሙሉ ሲጓዝ ምን ይበላ ነበር፤ የሚበላውንስ በምን ይዞት ይሄድ ነበር ብለን ስንጠይቅ ግን መጽሐፉ አንድ መሥመር እንኳ ሳይሰጠን ያልፋል። በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ላይ እንድጽፍ ዕድል በተሰጠኝ ጊዜ ጓደኞቼ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ስለ ራስ አሉላና ስለ አክሱም ሐውልት መረጡ። እኔ ስለ ስልቻ እጽፋለሁ ስል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አንባቢዎቼም ፈገግ ቢሉ አልቀየምም፤ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ ብቻ እለምናለሁ።

ስልቻ ምን እንደ ሆነ የከተማ ልጅ ላያውቅ ይችላልና ከዚያ ልጀምር። ፍየል ወይም በግ ሲታረድ ቆዳው ሆዱ ላይ ሳይቀደድ፣ ሰው እጀ ጠባቡን እንደሚያወልቅ፣ በጥቅሉ ይገፈፋል። ከዚያም ይፋቃል፣ በቅጠልና በእንጨት ልጥ ይዘፈዘፋል፣ እስኪለሰልስ ድረስ በእጅና በእግር ይታሻል። የአንገቱ ቀዳዳ የስልቻው አፍ ይሆናል፤ የእግሮቹ ቀዳዳዎች በጠፍር ይቋጠራሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በጎኑ ስፌት የሌለበት መሆኑ ነው። ስፌት የሌለው ዕቃ በስፌቱ አያፈስም። በዓለም ላይ ካሉት እህሎች ሁሉ ደቃቅ የሆነውን ጤፍን ለሚያመርት ሕዝብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከግልገል ቆዳ የሚሠራው ትንሹ ቀልቀሎ ይባላል። «ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ» እያልን ሁለቱን አንድ እናደርጋቸዋለን እንጂ መንገደኛ ልዩነታቸውን ያውቃል። ስልቻው ለእህልና ለዱቄት ነው፤ ቀልቀሎው ለበርበሬ፣ ለጨው፣ በትልቁ ውስጥ ቢገባ ለሚጠፋው ጥቃቅን ነገር ሁሉ ነው። አቁማዳ ደግሞ ከሁለቱም ይተልቃል። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ ሲተረጐም ለወይን ጠጅ መያዣው የተመረጠው ቃል አቁማዳ ነው፤ ዳዊትም ከጎልያድ ጋር በተጋጠመ ጊዜ ድንጋዮቹን የከተተው በእረኛ ኮረጆ ነበር። በመጽሐፈ ኢያሱ የገባዖን ሰዎች ከሩቅ አገር የመጡ ለመምሰል ሲፈልጉ አሮጌ ከረጢትና የተቀደደ የተጠቀመ አቁማዳ በአህዮቻቸው ላይ ጫኑ። እስራኤላውያንም አመኑአቸው። የመንገዱን ርዝመት የሚመሰክረው የመንገደኛው ቃል ሳይሆን የያዘው ዕቃ እንደ ነበረ ከዚህ ማየት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። መንገደኛ የተሰጠውን ስልቻ እንዳለ ይዞ የተጓዘበት ጊዜ ጥቂት ነው። እንደ መንገዱ ርዝመትና እንደ ጭነቱ ጠባይ ያሻሽለዋል። የፊት እግሩን ቆዳ ከኋላ እግሩ ቆዳ ጋር ያስርና ማንገቻ ያደርገዋል፤ ሁለቱን በጠፍር አያይዞ በአህያ ጀርባ ግራና ቀኝ ያንጠለጥላቸዋል፤ ዝናም የሚበዛበት አገር የሚሄድ እንደ ሆነ ውጭውን ቅቤ ይቀባዋል። በአያቴ ጓዳ ውስጥ አንድ አሮጌ ስልቻ ተሰቅሎ ይገኛል። በጎኑ ላይ ከሌላ ቆዳ የተቆረጠ ኪስ ተጠፍሮበታል። ማን እንደ ሠራው ጠይቄአቸው ነበር። አባታቸው ለንግድ ሲሄዱ ወስፌያቸውና ባልጩታቸው በዱቄቱ ውስጥ እየጠፋ ስላስቸገራቸው አንድ ቀን ከሰፈር ቁጭ ብለው ራሳቸው እንደ ሠሩት አጫወቱኝ። ዛሬ በሱቅ ውስጥ ኪሱ ስለ በዛ ዋጋው የሚወደደውን የጀርባ ቦርሳ ባየሁ ቁጥር ያ ኪስ ትዝ ይለኛል።

ይህን ሁሉ ያዘጋጀልን ቆዳ ፋቂ ነበር። አገሩ በሙሉ በእርሱ ዕቃ እየተጓዘ፣ በእርሱ ጠፍር እየጫነ፣ በእርሱ አልጋ ላይ እየተኛ «ፋቂ» የሚለውን ቃል ስድብ አደረገው። ከቆዳ ሠሪ ጋር በጋብቻ መገናኘት ነውር፣ አብሮ መብላትም የሚያሳፍር የነበረበት ቦታ ብዙ ነው። ነጋዴውም ቢሆን አላመለጠም፤ «መጫኛ ነካሽ» ተብሎ ይሰደብ ነበር። መጫኛ ጭነት የሚታሰርበት የቆዳ ገመድ ነው፤ ሁለቱ እጆቹ ጭነቱን ይዘውበት ገመዱን በጥርሱ የሚያጠብቀውን ሰው በዐይናችሁ ሣሉትና ስድቡ ከየት እንደ መጣ ይገባችኋል። እኔ እንደሚመስለኝ ሊመሰገንበት የሚገባው ነገር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጁ ወጣ ማለት ግን ልማዱ በማግሥቱ ቀረ ማለት አይደለም፤ ቃሉን ዛሬም በጨዋታ መካከል ሲወረወር እንሰማዋለን።

ከስልቻ ሌላ ለየጭነቱ የተበጀ ልዩ ልዩ መያዣ ነበረ። ከሁሉም የሚያምረው የመጽሐፍ ማኅደር ነው። ማኅደር ማለት ማደሪያ ማለት ነው። የብራና መጽሐፍ ሽፋኑ እንጨት ስለ ሆነ ከባድ ነው፤ ብራናውም እርጥበት ሲነካው ይኮማተራል። ስለዚህ በመጽሐፉ ልክ ከወፍራም ቆዳ ቤት ይሠሩለትና ማንገቻ ያደርጉለታል። ዳዊት የሚደግም መንገደኛ በትከሻው አንግቶት ይሄዳል፤ ቤቱ ሲደርስ በዚያው ማንገቻ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። አይጥም አይደርስበት፣ ወለሉም አያረጥበው። አንዱ ዕቃ ለመንገድም ለቤትም እንዲያገለግል ተደርጎ የተሠራ ነው። የቆሎ ተማሪው ደግሞ በአኮፋዳው ይታወቃል፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከደጅ ደጅ እየዞረ የለመነውን ቁራሽ በእርሱ ይይዛል። ከሣርና ከሰሌን የተሠራ በመሆኑ ነፋስ ያስገባልና እንጀራው ቶሎ አይሻግትም። በቆዳ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ቀን አይበላም ነበር።

አገልግልን ሁሉም ስለሚያውቀው ብዙ አልናገርም። የስፌት ሌማት በውስጥ ሆኖ በውጭ ቆዳ ለብሶ፣ ክዳኑ በጠፍር ታስሮ፣ ወጡ ሳይፈስ እንጀራው ሳይደርቅ ከሸዋ እስከ ጎንደር መንገደኛውን ሲመግብ የኖረ ነው።

የሲራራ ነጋዴዎች ጥበብም የሚናቅ አልነበረም። ከእናርያ የሚመጣው ዝባድ ሽታው እንዳይጠፋና እንዳይቀልጥ በከብት ቀንድ ውስጥ ተወትፎ ይጫን ነበር። የጨው አሞሌ ከአፋር በረሃ በግመል ወጥቶ ደጋው ላይ ሲደርስ ወደ በቅሎና ወደ አህያ ይዛወራል። አሞሌ የተሰበረ እንደ ሆነ ገንዘብነቱ ይቀንሳልና ነጋዴው እያንዳንዱን በልጥ ጠምጥሞ ያስረው ነበር። ለገንዘቡ ልብስ አለበሰለት እንደ ማለት ነው! የጭነቱም ሚዛን ሌላ ትምህርት ነው፤ ግራውና ቀኙ እኩል ካልሆነ በቅሎዋ ትገጠባለች፤ የተገጠበች በቅሎ ደግሞ ቅዝቃዜ ባለበት ተራራ መካከል ሸክሟን ጥላ ትቀራለች።

በጦርነት ጊዜ ይህ ሁሉ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲመጡ 13,000 ያህል ወታደር ይዘው ነበር። ለዚህ ወታደር ስንቅና መሣሪያ መሸከሚያ ከ ሕንድ፣ ከግብፅና ከሌሎችም አገሮች በብዙ ሺህ የሚቈጠር በቅሎና ግመል ገዝተው አመጡ፤ ከባድ መድፎቹን 44 ዝሆኖች ተሸከሙ፤ ከዙላ ወደብ ጀምሮ ጥቂት ኪሎሜትር የባቡር ሐዲድ ሳይቀር ዘረጉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በበኩላቸው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከጋፋት እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት አስጐተቱት። በየትኛውም ስልቻ ሊገባ የማይችል ዕቃ ነበርና መንገዱን ራሱን እየቈፈሩ ማስፋት ግድ ሆነባቸው። እንግሊዞች ሲመለሱ ከመቅደላ የዘረፉትን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆኖችና 200 በሚያህሉ በቅሎዎች ጭነው ወደ ደላንታ ሜዳ አውርደው በጨረታ ተሻሻጡት። ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹ ዛሬ በለንደን ይገኛሉ። የኢትዮጵያ መንገደኛ በትከሻው አንግቶ እንዲሄድባቸው የተሠሩት ማኅደሮች በዝሆን ጀርባ ባሕር ተሻገሩ።

ከዚህ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት ቆይቶ የአድዋ ዘመቻ ሆነ። የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት 100,000 እንደሚደርስ ይገመታል፤ እንደ እንግሊዝ ያለ የስንቅ ክፍል ግን አልነበረውም። እያንዳንዱ ዘማች የየራሱን ስንቅ ማምጣት ነበረበት። ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ የተነሡት በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 28 ቀን በአምባላጌ ድል ሆነ፤ በጥር ወር የመቀሌ ምሽግ ተለቀቀ፤ የአድዋው ጦርነት የካቲት 23 ቀን ተደረገ። ስለዚህ ከመነሻው እስከ ድሉ አምስት ወር ያህል ነው።

እዚህ ላይ እስቲ በክፍል እንደምናደርገው ሒሳብ እንሥራ። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ በሶ ይበቃዋል ብንል (ተራራ ለሚወጣ ሰው ይህ እንኳ ጥቂት ነው) ለአምስት ወር 75 ኪሎ ያስፈልገዋል። ይህን ማንም ሰው በጀርባው ተሸክሞ፣ ጠመንጃና ጋሻ ጨምሮ፣ ወደ 1,000 ኪሎሜትር የሚጠጋ መንገድ ሊሄድ አይችልም። ለመላው ሠራዊት ስናበዛው 75,000 ኩንታል ይሆናል። እንግዲህ አህያው፣ በቅሎው፣ አሽከሩ፣ ሚስቲቱ፣ ሁሉም ለምን አብረው እንደ ዘመቱ ግልጽ ነው። የፈረንጅ ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ የኢትዮጵያ ሠራዊት ሴትና ልጅ ስለሚያስከትል ሥርዐት የለውም ብለው ነቅፈዋል። ሥርዐቱ ግን ያ ራሱ ነበር። እየፈጩ፣ እየጋገሩ፣ ገንቦ በጀርባቸው አዝለው የሄዱት ሴቶች የዚያ ጦር የስንቅ ክፍል ነበሩ፤ ታሪካቸውም ገና በሚገባው መጠን አልተጻፈም።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ስልቻውን እንደ ፈለጉ ማስፋት ስላልተቻለ እናቶቻችን የሚገባበትን ምግብ አሳነሱት። እንጀራውን አድርቀው ድርቆሽ አደረጉት፤ ሥጋውን ቋንጣ አደረጉት፤ ገብሱን ቈልተው ፈጭተው በሶ አደረጉት፤ በሶውን በቅቤ አሽተው ጭኮ አደረጉት። ውኃው ሲወጣ ክብደቱ ይቀንሳል፤ መበላሸቱም ይቀራል። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ውኃና ጨው ካለ በጉዞ ላይ እንዳሉ ይበጠበጣል። ጠላት የሚያየው ጢስ የለም። ይህን ያወቁት በትምህርት ቤት የሥነ ምግብ ትምህርት ተምረው አልነበረም።

የሮም ጄኔራል ማርዮስም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ስንቁንና ዕቃውን በእያንዳንዱ ወታደር ትከሻ ላይ በእንጨት አንጠልጥሎ ስላሸከመ ወታደሮቹ «የማርዮስ በቅሎዎች» ተብለው ነበር። የእርሱ ሐሳብ ሠራዊቱን ከሚከተለው የጭነት ከብት ብዛት ማላቀቅ ነው። በእኛ አገር ግን ከብቱን መቀነስ አልተቻለም፤ መንገዱ ረጅም፣ የሚሻገሩትም ወንዝና ገደል ብዙ ነበርና። ደግሞም ልብ በሉ፤ ከአድዋ በፊት በነበረው በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ፣ የከብት በሽታ በሬውንና ላሙን አብዛኛውን ጨርሶት ነበር። በሽታው ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን አይነካም። እነርሱም ባይተርፉ ኖሮ ያ ስልቻ በማን ጀርባ እንደሚጫን አላውቅም።

በየካቲት ወር ሁለቱ ጦር ፊት ለፊት ተፋጠጡ። የሚጠብቁት የሚመስለው እርስ በርስ ነበር፤ በእውነቱ ግን እያንዳንዱ የሌላውን ስንቅ ማለቅ ይጠብቅ ነበር። በአድዋ ዙሪያ ያለው የባላገሩ እህል ተሟጠጠ። ከሸዋ የመጣው ስልቻ ባዶውን ተጠቅልሎ ለመኝታ የራስጌ ትራስ ሆነ። ጥቂት ጊዜ ቢቆይ ኖሮ ሠራዊቱ መመለስ ግድ ይሆንበት ነበር ብለው ብዙ የታሪክ ሊቃውንት ጽፈዋል። በወዲያ በኩልም ጄኔራል ባራቲየሪ ከምጽዋ ተነሥቶ ተራራ በሚወጣው መንገድ በበቂ መጠን ስንቅ ሊደርሰው አልቻለም። በዚያው ወር ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ጣልያንን ከድተው ወደ ወገናቸው ተመለሱና የስንቁን መንገድ ያስጨንቁት ጀመር። የጣልያን ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ የካቲት 18 ቀን በቴሌግራም ገሠጸው። ባራቲየሪ ሁለት ምርጫ ብቻ ቀረው፤ ስንቅ ወዳለበት መመለስ ወይም መግጠም። መመለሱን ቢመርጥ ኖሮ የዐፄ ምኒልክም ሠራዊት በረኀብ ምክንያት ሊበተን ይችል ነበር። ገጠመ። የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የጀግኖቹን ጀግንነት ለማሳነስ አይደለም ይህን መጻፌ፤ ጀግናው ያን ጧት ሲነሣ ሆዱ ባዶ፣ ስልቻው ባዶ እንደ ነበረ ሲታወቅ ጀግንነቱ ይበልጣል እንጂ አይቀንስም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቶሎ ተለወጠ። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከጅቡቲ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የጭነት ጉዞ የጥቂት ቀን ሆነ። ጆንያ መጣ፤ በኋላም የጭነት መኪና መጣ። ስሞቹ ራሳቸው ከየት እንደ መጡ ይናገራሉ፤ ዘንቢልና ሻንጣ ከዐረብኛ፣ ቦርሳ ከጣልያንኛ የተወሰዱ ቃላት ናቸው። ኮረጆ ግን እዚህ ቀረ፤ ዛሬ ሰው ኮሮጆ ሲል የሚያስበው የእረኛን ዕቃ ሳይሆን የምርጫ ድምፅ የሚሰበሰብበትን ነው።

ማሻሻሉ ግን አልቆመም። ሸራ ያገኘ ሰው ሸራውን፣ ያረጀ ሱሪ ያለው ሱሪውን ሰፍቶ የደብተር መያዣ ያደርጋል። ለእርሻ ማዳበሪያ የሚመጣበት የላስቲክ ከረጢት ደግሞ ከሁሉም በላይ ተወደደ፤ ማዳበሪያው በእርሻው ላይ ተዘርቶ ካለቀ በኋላ ከረጢቱ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ለእህል ይውላል፣ ስሙም «ማዳበሪያ» ሆኖ ቀረ። በውስጡ በርበሬም ይኑር ጤፍ፣ ሰው «አንድ ማዳበሪያ» ብሎ ይቈጥራል። በክረምቱ ማብቂያ አውቶቡስ ተራ የሄደ ሰው ከጣሪያው ላይ የሚወርደውን ይመልከት። ከገጠር ወደ ትምህርት ቤት የሚመለሰው ተማሪ ሻንጣው ትንሽ ነው። ከሻንጣው ጎን ግን አንድ ማዳበሪያ አለ። አፉ በሲባጎ ተሰፍቷል፤ በሁለቱ ጥጎቹ ላይ ጠጠር ገብቶ ገመድ እንዳይንሸራተት ሆኖ ታስሮበት በጀርባ የሚታዘል ሆኗል፤ በጎኑ ላይ የልጁ ስም በእስክሪብቶ በትልቁ ተጽፏል። ሲፈታ በላይ ድርቆሽ፣ በመካከል በሶ፣ በታች በሌላ ትንሽ ከረጢት የተቋጠረ በርበሬ ይገኝበታል።